ባለቤቱ ማነው? የአዲስ አበባ ባልና ሚስት፣ ግድግዳቸው እና ሕጉ

አማርኛ ለትዳር አጋርና ለንብረት ጌታ ያለው ቃል አንድ ነው። ሚስት ባሏን "ባለቤቴ" ትላለች፤ ባልም ሚስቱን "ባለቤቴ" ይላል። ማግባት "ጎጆ መውጣት" ነው። ትዳር "ሦስት ጉልቻ" ነው። ቋንቋው ትዳርን ከቤት ለይቶ አያውቅም።

ሕጉ ግን ለይቶ ያውቃል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ወዲህ በከተማዋ የኖሩ አብዛኞቹ ባልና ሚስት አንዳቸው ለሌላቸው "ባለቤት" ነበሩ፤ የሚያድሩበት ቤት ባለቤት ግን ሌላ ሰው ነበር። አንዴ መኳንንት፣ አንዴ አከራይ፣ አንዴ ቀበሌ፣ አንዴ ባንክ።

ይህን ታሪክ በአዋጅ ቁጥር ብቻ መተረክ ይቻላል። ነገር ግን ከነጋሪት ጋዜጣው ይልቅ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግድግዳው ነው። ባልና ሚስት በቤታቸው ግድግዳ፣ ወለልና ኮርኒስ ላይ የሚያወጡት ገንዘብና ጉልበት በነገው ቀን ላይ ያላቸው እምነት መለኪያ ነው። ነገ ውጡ እንደሚባሉ የሚጠረጥሩ ጋዜጣ ይለጥፋሉ። ለልጅ ይተርፋል ብለው ያመኑ ሴራሚክ ያስነጥፋሉ። ስለዚህ ስለ ቤት ማሳመር ማውራት የቅንጦት ወሬ አይደለም፤ ስለ መሬት፣ ስለ መንግሥትና ስለ ትዳር ማውራት ነው።

የሚስት ምርጫ የነበረች ከተማ

አዲስ አበባ የተጀመረችው በአንድ ባልና ሚስት የቤት ጉዳይ ነው። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ መቀመጫ ብርዳማው እንጦጦ ላይ ሳለ ጣይቱ ብጡል ወደ ፍልውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱት። እዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ስሟን ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። የአገሪቱ ዋና ከተማ የት እንደምትሆን የወሰነው የአንዲት ሚስት ዓይን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ መሬቱ ለመኳንንቱ በየድርሻቸው ተሰጠ። "ሰፈር" የሚለው ቃል ራሱ ጦር ከሰፈረበት የመጣ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ብሩ ሰፈር የሚሉት ስሞች ዛሬም ድረስ የዚያ ዘመን ፊርማ ናቸው። በመሐል የጌታው ግቢ፣ በዙሪያው ደግሞ የወታደሩ፣ የአሽከሩና የባለሙያው ጎጆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 የምኒልክ መንግሥት የከተማ መሬት ተለክቶና ተመዝግቦ በግል እንዲያዝ ደንብ ሲያወጣ የተመዘገበው በዋናነት የጌታው ግቢ ነው። በዙሪያው ጎጆ የቀለሱት ባልና ሚስት ቤቱ የእጃቸው ሥራ ቢሆንም ከሥሩ ያለው መሬት የእነሱ አልነበረም።

ቤቱ ምን ይመስል ነበር? ከባሕር ማዶ መጥቶ ባሕር ዛፍ የተባለው ተክል የከተማዋን የማገዶና የቤት እንጨት ችግር ካቃለለ በኋላ ቋሚውም፣ ማገሩም፣ ወራጁም ከእሱ ሆነ። ጭቃው በጭድ ይቦካል፤ ከርሞም ይመረጋል። እንጨት መትከልና ማገር መምታት የወንድ ሥራ ነበር። ውስጡን መለቅለቅ ግን የሴት ነው፦ በእበት፣ በአመድ፣ ከተገኘም በነጭ አፈር። ክረምቱ ያጠበውን ግድግዳ ለእንቁጣጣሽ እንደገና መለቅለቅ፣ ለፋሲካ ደግሞ መደገም የተለመደ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የጭቃ ቤት አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ካልታደሰ ይፈርሳል። ቤቱን በእግሩ ያቆመው ወንዱ ይሁን እንጂ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያቆየችው ሴቲቱ ናት። ይህ ጉልበት በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ማን ገዛ፣ ማን ወረሰ፣ ማን ተሸለመ የሚል መዝገብ አለ፤ ማን ለቀለቀ የሚል ግን የለም።

ባል የመረጠው፣ አከራይ ያከራየው

የጣሊያን ወረራ አምስት ዓመት ብቻ ቢቆይም በከተማዋ የቤት ታሪክ ላይ አሻራውን ትቷል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ካዜ ኢንቺስ ከሚለው ነው፤ የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራበት ተቋም ምህጻረ ቃል ነበር። ሰፈሩ ከመነሻው የተሰየመው በቤት ተቋም ስም ነው ማለት ነው። ይህን ስም መያዝ ይገባል፤ በኋላ ይመጣል።

ከነጻነት በኋላ ከተማዋ በፍጥነት አደገች። ከየጠቅላይ ግዛቱ ለትምህርት፣ ለሥራና ለንግድ የመጣው ሕዝብ በአብዛኛው ተከራይ ሆነ። አከራዩ በግቢው ውስጥ ተራ በተራ "ሰርቪስ" ክፍሎችን ይደረድራል፤ በአንዷ ክፍል አዲስ ተጋቢዎች ይገባሉ። የእነዚህ ተጋቢዎች ቤት ማሳመር የራሱ ዘዴ ነበረው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ ተወጥሮ ይሰፋና ኖራ ይቀባል። ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ይለጠፋል፤ ጭቃው እንዳይራገፍ፣ ነፋስ እንዳያስገባ፣ ነጣ ብሎም እንዲታይ። ብዙ ሕፃናት ፊደል ቆጥረው ካበቁ በኋላ የመጀመሪያ ንባባቸውን የተለማመዱት አልጋቸው አጠገብ በተለጠፈ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ርካሽ ነው፤ በአንድ ቀን ተለጥፎ በአንድ ቀን የሚተው ነው። አከራዩ ውጡልኝ ቢል የሚያስቆጭ ነገር አይኖርም።

በዚህ መሐል በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ዘመናዊ ሕግ ነው፤ ትዳርን በተመለከተ ግን የቤቱን ራስ ባል አደረገ። የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠውም ባል ነው አለ። የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረውም እሱ ሆነ። አገልጋይ መቅጠር ካልተቻለ የቤት ውስጥ ሥራ የሚስት ግዴታ መሆኑንም ጻፈ። በሌላ አነጋገር ሕጉ ለሚስት መጥረጊያውን ሰጥቶ ቁልፉን ለባል ሰጠ። ጣይቱ ፍልውሃን በመረጡ በሰባ ዓመት ግድም ውስጥ ነው ይህ የሆነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967

የተማሪው "መሬት ላራሹ" ጥያቄ በገጠር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲመለስ የከተማው ባለቤት ተራው እንደሚደርሰው ገብቶታል። ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ መሬት በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ቀሪው "ትርፍ ቤት" ተብሎ ተወረሰ። ቤት አከራይቶ መኖር ተከለከለ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ እንዲቀንስ ተደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርሻ ሆኑ።

አዋጁን ለመኮነንም ሆነ ለማወደስ የሚቸኩሉ ሁለቱም ወገኖች ግማሹን እውነት ነው የሚይዙት። በአንድ በኩል በሺዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ይዞ ከሰርቪስ ክፍሎች ገንዘብ ሲሰበስብ የኖረ ባለርስት ጥቅሙ ሲቀር ኪራይ ያንገፈገፈው ተከራይ እፎይ አለ። በሌላ በኩል በጋብቻ ዘመኗ ከባሏ ጋር ቆጥባ የሠራቻቸውን ሁለት ክፍሎች አከራይታ የምትኖር ባልቴትም በዚያው ጅራፍ ተመታች። "ቤተሰብ" ማለት ባል፣ ሚስትና አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ስለሆነ ሚስት ከወላጆቿ የወረሰችው ቤትና ባል የሠራው ቤት አንድ ላይ ተቆጠሩ፤ አንዱ ትርፍ ነው። ትዳር መመሥረት ቤት የሚያስቆጥር ነገር ሆነ።

አዋጁ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር መሬት እንዲሰጥም ፈቅዶ ነበር። በዚህ መንገድ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተውና ከቤትና ቁጠባ ባንክ ተበድረው ቤት የሠሩ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን አሉ። ከተማዋ ውስጥ ዛሬ አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ ኮክና ጌሾ የተተከለባቸው ደርባባ ቪላዎች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። ቁጥራቸው ግን ከቀበሌ ቤት ጋር አይወዳደርም።

ተነቅሎ የሚሄድ ውበት

የቀበሌ ቤት ታሪክ የሁለት ባለቤቶች ታሪክ ነው፤ ሁለቱም ባለቤት አልነበሩም። ቀበሌው ባለቤት ነው፤ ግን የሚሰበስበው ኪራይ ጥቂት ብር ስለነበር ቆርቆሮ የሚቀይርበት አቅም አልነበረውም። ነዋሪው በቤቱ ውስጥ ልጆች ወልዶ ድሯል፤ ግን ባለቤት ስላልሆነ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ማፍረስም ሆነ ክፍል መጨመር አይችልም። አንዱ ማደስ የሚችል ሥልጣን እንጂ ገንዘብ የለውም። ሌላው ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ ሥልጣን የለውም። በዚህ መሐል ቤቱ ይበሰብሳል። ዘመም ያሉት የአራት ኪሎ፣ የልደታና የተክለሃይማኖት የጭቃ ቤቶች በዚህ ምክንያት እንጂ በነዋሪው ስንፍና አልዘመሙም።

ሰው ግን ሰው ነው፤ ያለበትን ማሳመር አይተውም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ባልና ሚስት ውበቱን ከግድግዳው አውርደው ተነቅሎ በሚሄድ ነገር ላይ አደረጉት። ቡፌ ተገዛ፤ በመስታወቱ ውስጥ የማይጠጣበት ብርጭቆና ከሠርግ የተረፈ የሲኒ ስብስብ ተደረደረ። ሚስት በኪሮሽ የሠራችው ዳንቴል ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሬዲዮው ላይ ተነጠፈ። መጋረጃው ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ መኝታና ሳሎን አደረገ። ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶ፣ ከጎኑ የማርያም ወይም የመካ ሥዕል ተሰቀለ። ምንጣፉ የወለሉን ጉድፍ ሸፈነ።

ብዙ ሰው ይህን የወላጆች ዘመን "ስታይል" አድርጎ ይስቅበታል። ስታይል ብቻ አልነበረም፤ የተከራይ ኢኮኖሚክስ ነው። ሶፋው፣ ቡፌውና ዳንቴሉ በአንድ አይሱዙ ተጭነው ይሄዳሉ። ልስኑና ሊሾው ግን አይሄዱም። መሬቱም ቤቱም የመንግሥት በሆነበት አገር ባልና ሚስት የሚያምኑት ንብረት የሚነሣውን ብቻ ነበር።

ደፈር ያሉትም ነበሩ። ከውጭ ቆርቆሮው እንደዛገ ይተዉታል፤ ከውስጥ ግን ኮርኒሱን በቺፕውድ፣ ወለሉን በሊሾ፣ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ልስን ይቀይሩታል። እድሳቱ በዝምታ የሚከናወን፣ የቀበሌ ሰው ሲመጣ የሚደበቅ ነገር ነበር። የራስን ቤት በድብቅ ማሳመር የዚያ ዘመን ሥዕል ነው።

ቁልፉ ተሰጠ፤ ግድግዳው ባዶ ነው

ከ1983 በኋላም መሬት የመንግሥት ሆኖ ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 ሊዝን አመጣ፤ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። የቀበሌ ቤትም የቀበሌ ቤት ሆኖ ቆየ። ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ። ቀጥሎ ቦሌ ገርጂ ላይ የሙከራ ግንባታ ተጀመረ፤ ከዚያም ኮንዶሚኒየም በየአቅጣጫው ወጣ፦ ጎተራ፣ ልደታ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ። በ1997ቱ ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስገባ። ከእነሱ ብዙዎች ዕጣ የጠበቁት ዓመታትን ሳይሆን አሥርታትን ነው፤ በየካቲት 2011 የ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ የ1997 ተመዝጋቢ አሁንም ተሰልፎ ነበር።

ዕጣ ለወጣላቸው ባልና ሚስት የቁልፍ ርክክቡ ቀን ከሠርጋቸው ቀን ያልተናነሰ ነው። ከዚያ በሩን ከፍተው ይገባሉ። የሚያገኙት ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው። ፕሮግራሙ የቤቱን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ የውስጥ ማጠናቀቂያውን ሥራ ለባለዕድሉ ትቶታል። ወለሉ ግርድፍ ነው፤ ግድግዳው ቀለም አያውቅም፤ ማድ ቤቱ አራት ማዕዘን ነው እንጂ ካቢኔት የለውም። ሰው ሁሉ "ፊኒሺንግ" የሚለው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቤቱን መንግሥት ጀመረው፤ የሚጨርሱት ባልና ሚስቱ ናቸው።

ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ድሃ ቤተሰብ ባዶውን ቤት በአነስተኛ ዋጋ ይዞ እንደ አቅሙ ቀስ በቀስ ያሳምረው ማለት ከጭቃ ቤቱ ልማድ ጋር ይስማማል። ችግሩ ስሌቱ ነው። በ20/80 ፕሮግራም ቅድሚያ ክፍያውን ለመሙላት ዕቁባቸውን ያወጡ፣ ወርቅ የሸጡ፣ ከዘመድ የተበደሩ ሰዎች በማግስቱ ሴራሚክ፣ ቧንቧ፣ የመብራት ዕቃ፣ በርና ቀለም ግዙ ይባላሉ። የባንክ ብድሩ ለቤቱ እንጂ ለፊኒሺንጉ አይደለም። ስለዚህ ብዙዎች ሦስት መንገድ አላቸው። አንዳንዶች ሲሚንቶው ላይ ፍራሽ ዘርግተው ገብተው በየደመወዙ አንድ አንድ ነገር ያሟላሉ፤ ዘንድሮ ሳሎኑ፣ ከርሞ መኝታ ቤቱ። አንዳንዶች በተበደሩት አሳምረው ለሌላ ሰው ያከራያሉ፤ ራሳቸው ርካሽ ክፍል ውስጥ ሆነው የባንኩን ዕዳ ይከፍላሉ። አንዳንዶች ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ ስለተከለከለ በውክልናና በጓዳ ውል ሸጠው ይወጣሉ። ሁለተኛዎቹ ራሳቸው የመረጡትን ቀለም ሌላ ሰው ሲኖርበት ያያሉ።

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። ከውጭ የሚገባው ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ የሚሰላው በዶላር ነው፤ ደመወዙ በብር ነው። ባልና ሚስት መርካቶ ውለው የጠየቁትን ዋጋ ተማክረው ሲመለሱ አያገኙትም።

ሌላም አለ። የኮንዶሚኒየም ፕላን የተሳለው ለቤተሰቡ አኗኗር አይደለም የሚል ቅሬታ አለ፤ ፊኒሺንጉም ይህን ያሳያል። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ ተብሎ በየግቢው "ኮሙናል" ተሠርቷል። ሰው ግን ምጣዱን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣትና መውረዱን ስላልወደደው በረንዳውን ዘግቶ ማድ ቤት አደረገው። ክፍል ለማስፋት የብሎኬት ግድግዳ የሚያፈርስ፣ ቧንቧ ለማዛወር ወለል የሚበሳም አለ። አዋጅ 370 ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ኮሪደሩን የጋራ አድርጎ የባለቤቶች ማኅበር እንዲያስተዳድረው ደንግጓል። ማኅበሩ ባልጠነከረበት ሕንፃ ግን የአንዱ ቤት ውበት የታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል። የራስን ቤት ማሳመር ጎረቤትን እንዳይጎዳ የሚያደርግ ባህል በጭቃ ቤቱ ዘመን አልነበረም፤ አያስፈልግም ነበርና። አሁን ያስፈልጋል።

የሴራሚኩ ደረሰኝ

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የ1952ቱን "የቤቱ ራስ ባል ነው" የሚለውን ሐሳብ ሻረ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል አለ። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለኮንዶሚኒየም ዕጣም ለሴቶች 30 በመቶ ቅድሚያ ተሰጠ። "ባለቤት" የሚለው ቃል ሁለት ፍቺዎች በሕግ የተገናኙት ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ይሁን እንጂ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱም ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ከ1997 ጀምሮ ብዙ ሰው የተመዘገበው ሳያገባ ነው። ዕጣው ለአንዱ ከጋብቻ በፊት ይወጣል፤ ውሉን ብቻውን ወይም ብቻዋን ይፈርማል። ከዚያ ጋብቻ ይመጣል። የባንክ ዕዳው የሚከፈለው ከሁለቱም ደመወዝ ነው። ሴራሚኩ በአንደኛው ዕቁብ ይነጠፋል፤ ካቢኔቱ በሌላኛዋ ወንድም ከዓረብ አገር በላከው ብር ይሠራል። ትዳሩ የሰመረ እንደሆነ ማንም አይቆጥርም። ካልሰመረ ግን ፍርድ ቤት የሚቀርበው ውሉ ነው። የሴራሚኩ ደረሰኝ የት ነው? የአናጺውና የቀለም ቀቢው ክፍያ በቃል ነበር። ቤቱን ቤት ያደረገው ገንዘብ ምስክር የለውም። የለቅላቂዋ ሴት ጉልበት በ1879ም አልተመዘገበም፤ በእሷ የልጅ ልጅ ዘመንም ደረሰኝ አልተያዘለትም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ

ሁለተኛው ክፍተት መንግሥት ራሱ ሲያፈርስ የሚታየው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። "መሻሻል" የሚለው ቃል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፏል። ልስን መሻሻል ነው። ሊሾ መሻሻል ነው። ኮርኒስም እንዲሁ።

በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ ቀጥሎም ካዛንቺስን ሲያነሣ ይህ አንቀጽ ተፈትኗል። ከተማ አይታደስ የሚል አስተዋይ ሰው የለም። ብዙዎቹ ቤቶች መጸዳጃ በወጉ የሌላቸው፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ እሳት ቢነሣ መኪና የማያስገቡ ነበሩ። መንገዱ መስፋቱን፣ ፍሳሹ መስተካከሉን የማይፈልግ የለም። ጥያቄው ሌላ ነው። የግል ይዞታ ያለው ሰው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለንብረቱ መተኪያ ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ግን የቤቱ ባለቤት ስላልሆነ የሚጠብቀው ምትክ ቤት ነው። አርባ ዓመት በድብቅም በግልጽም ልስን የለሰኑ፣ ሊሾ ያፈሰሱ፣ ኮርኒስ የቀየሩ ባልና ሚስት፣ ያን ሁሉ ያደረጉት "የመንግሥት ቤት" ላይ ነው። በወረቀት ያሳመሩት የሌላ ሰው ንብረት ነው። ከዚያ ወደ ከተማው ጫፍ ይሄዳሉ፤ በሩን ሲከፍቱ የሚጠብቃቸው እንደገና ባዶ ሲሚንቶ ነው። በሃያ አምስት ዓመታቸው አንድ ጊዜ ያደረጉትን በስልሳ ዓመታቸው ከዜሮ ይጀምሩታል።

ከተማዋ ይህን ዋጋ አትቆጥረውም። በጀት ሲወጣ አስፋልቱ፣ መብራቱና የሣር ተከላው ይቆጠራል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከኪሳቸው አውጥተው የጨረሷቸው ወለልና ግድግዳዎች ግን የማንም ሒሳብ ውስጥ የሉም። ባዶ ተረክበው ያጠናቀቋቸው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሁሉ ቢደመሩ ከተማዋን የሠራው መንግሥት ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ ይታይ ነበር።

ሊስተካከል የማይችል ነገር አይደለም። ቤት ያለ ማጠናቀቂያ የሚሰጥ ከሆነ ብድሩ ለማጠናቀቂያውም ይታሰብ። ማኅበራት ሴራሚክና ቀለም በጅምላ የሚገዙበት መንገድ ይመቻች። የባለቤትነት ካርታው ሲወጣ ያገቡ ሰዎች ሁለቱም ስማቸው ይጻፍ። ምትክ የሚሰጠው ነዋሪ ለዓመታት በቤቱ ላይ ያወጣው ተገምቶ ቢያንስ አዲሱ ቤት ወለሉ ተነጥፎና ግድግዳው ተቀብቶ ይሰጠው። የኪራይ ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና ማድረጉ አንድ እርምጃ ነው፤ ሁለት ዓመት እንደሚቆዩ የሚያውቁ ተከራዮች ቢያንስ ቀለም ይቀባሉ።

እስከዚያው ግን ዘንድሮ ቁልፍ የተረከቡ ባልና ሚስት ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው አንድ ነገር መማር ይችላሉ። መርካቶ ሲገቡ ደረሰኝ ይቀበሉ። ለአናጺውም ለለሳኙም የከፈሉትን አስፈርመው ያስቀምጡ። ፎቶ ያንሡ፤ ከመለሰኑ በፊትና ከለሰኑ በኋላ። ውሉ ላይ የሁለቱም ስም መኖሩን ያረጋግጡ። ባለቤት የሚለው ቃል በአፍ ሁለቱንም ይይዛል፤ በወረቀትም እንዲይዝ ማድረግ የእነሱ ሥራ ነው።